ሰው ለምን ይሰጣል? የጥናቶችን ውጤት ለመዋጮና ለበጎ ፈቃድ ሥራ መጠቀሚያ ዝርዝር መመሪያ

የታሰበው መዋጮ ሳይሞላ ሲቀር ኮሚቴው ውስጥ ቶሎ የሚነገር ነገር አለ፦ «የዘንድሮ ሰው ጨክኗል»። እኔ ይህን አልቀበልም። ሰው ለምን እንደሚሰጥ፣ ለምንስ እንደሚሸሽ በመስክ የፈተሹ ጥናቶች ሌላ ነገር ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ረኔ ቤከርስና ፓማላ ዊፕኪንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ልገሳ የተጻፉ ከ500 በላይ ጽሑፎችን መርምረው፣ ሰውን ለመስጠት የሚያነሳሱ ስምንት ምክንያቶችን ለይተዋል። እነሱም ችግር መኖሩን ማወቅ፣ መጠየቅ፣ መስጠቱ የሚያስወጣውና የሚያስገኘው ነገር፣ ለሌላው ማሰብ፣ በሰው ፊት ያለ ስም፣ የውስጥ እርካታ፣ የሚያምኑበት እሴት፣ እንዲሁም «የእኔ ብር ለውጥ ያመጣል» የሚል እምነት ናቸው። ልብ በሉ፤ ርኅራኄ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ከቀሩት ብዙዎቹን የሚያበጃቸውም የሚያበላሻቸውም ጠያቂው ነው። ስለዚህ መዋጮ ሲያንስ ቀድሞ መመርመር ያለበት አጠያየቃችን ነው።

መመሪያውን የጻፍኩት ለትንንሽ ኮሚቴዎች ነው፤ ለእድር፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለመስጊድ ጀማዓ፣ ለሰፈር ወጣቶች፣ በውጭ አገር ላለ የወገን ማኅበር። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ለተማሩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት 600,000 ብር ማሰባሰብ ይፈልጋሉ እንበል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን የሚያስጠኑ 20 በጎ ፈቃደኞችም ያስፈልጓቸዋል።

1. የጎደለውን ነገር በግልጽ አስቀምጡ

«ለትምህርት ቤታችን ድጋፍ እናድርግ» የሚል ጥሪ የሚያንቀሳቅሰው ሰው የለም። ምን እንደጎደለ፣ ለማን እንደጎደለ፣ በስንት ብር እንደሚሞላና እስከ መቼ እንደሆነ መታወቅ አለበት። አራቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር እስክትችሉ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። ለምሳሌ፦ «የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለአራት ይካፈላሉ። እስከ ጥር መጨረሻ 600,000 ብር ካገኘን እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መጽሐፍ ይኖረዋል፤ ተቀምጦ የሚያነብበት ወንበርና ጠረጴዛም አይቸገርም።»

እዚህ ላይ በዘርፉ በጣም የታወቀ ሙከራ አለ፤ የአገራችን ስም ስላለበት ዘርዘር አድርጌ ላውራው። ዴቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች መጠይቅ ሞልተው 5 ዶላር ከተከፈላቸው በኋላ ከዚያው ላይ ለሴቭ ዘ ችልድረን እንዲለግሱ ተጠየቁ። አንዱ ቡድን ያነበበው ቁጥር ብቻ ነው፤ ከቁጥሮቹ አንዱ በኢትዮጵያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚሻ ይገልጻል። ሌላው ቡድን ያነበበው ማሊ ውስጥ ስለምትኖር ሮኪያ ስለተባለች የ7 ዓመት ልጅ ነው። ለሦስተኛው ሁለቱም ተሰጡት። ቁጥር ያነበቡት በአማካይ 1.14 ዶላር፣ ስለ ሮኪያ ያነበቡት 2.38 ዶላር ሰጡ። ሁለቱንም ያነበቡት የሰጡት 1.43 ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲጨመርበት የልጅቷ ታሪክ የቀሰቀሰው ስሜት ቀዘቀዘ ማለት ነው።

ከዚህ ተነስቶ «የአንድ ልጅ ፊት አሳይ» የሚል ምክር ይሰጣል። እኔ ግን ጥንቃቄ እንድታደርጉ እመክራለሁ፤ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የብዙ ጥናቶችን ውጤት የደመረ ትንተና ልዩነቱ በጣም ትንሽ መሆኑን አሳይቷል፤ በ2023 ይህንኑ ሙከራ የደገሙ ተመራማሪዎች ደግሞ ውጤቱን አላገኙትም። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይከብዳል። በ1977ቱ ረሃብ ዓለም ያወቀን ከኮረም በወጣው የተራቡ ወገኖቻችን ምስል ነው። ምስሉ ብዙ እርዳታ አምጥቷል፤ የብዙ ሰው ነፍስም ተርፏል። ነገር ግን ለአሥርተ ዓመታት በየሄድንበት የተከተለን ያው ምስል ነው። ስለዚህ የልጅ ፊት አትለጥፉ። የአንድ ተማሪን ሁኔታ መንገር ካስፈለገ ወላጅም ልጁም ይፍቀዱ፤ ስሙ ይቀየር፤ የሚነገረውም ስለ እንባው ሳይሆን መማር ስለሚፈልገው ነገር ይሁን። የባዶው መደርደሪያ ፎቶ ይበቃል።

2. ለሕዝብ ከመናገራችሁ በፊት መነሻ ገንዘብ ያዙ

ከባዶ የሚጀምር መዋጮ ሰውን ያስፈራል። «ሳይሞላ ቢቀርስ? የሰጠሁት የት ይገባል?» ያሰኛል። ጆን ሊስትና ዴቪድ ለኪንግ-ራይሊ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ለኮምፒውተር መግዣ በላኩት የልገሳ ደብዳቤ ላይ፣ ለአንዳንዶቹ «ከሚያስፈልገው 10 በመቶው ተገኝቷል»፣ ለሌሎቹ «33 በመቶው»፣ ለቀሩት «67 በመቶው ተገኝቷል» ተባለ። ከ10 ወደ 67 በመቶ ሲኬድ የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ ስድስት እጥፍ ተጠጋ።

በእኛ ምሳሌ ኮሚቴው ዝም ብሎ ከራሱ ይጀምራል። መጀመሪያ የኮሚቴው አባላት ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው፣ ያዋጣሉ። ቀጥሎ በጣም ቅርብ የሆኑ አምስት ወይም ስድስት ሰዎችን በግል ያነጋግራሉ። 300,000 ብር ገደማ ሲደርስ ነው በቴሌግራም ግሩፑ የሚነገረው። ያልተገኘውን ተገኘ ማለት ግን ነውርም ወንጀልም ነው። ቃል የተገባውንና ባንክ የገባውን ለይታችሁ ተናገሩ።

ከነዚያ ቅርብ ሰዎች መካከል ብዙ መስጠት የሚችል አለ እንበል፤ ብዙ ጊዜ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ የቀድሞ ተማሪ ይሆናል። ገንዘቡን እንዴት ብትጠቀሙበት ይሻላል? ሁለት ዋና መንገዶች ተፈትነዋል።

የመጀመሪያው «ሰው ያዋጣውን ያህል እኔ እጨምራለሁ» ማለት ነው። ዲን ካርላንና ጆን ሊስት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት፣ ከ50,000 በላይ ሰዎች ደብዳቤ በደረሳቸው ሙከራ፣ ይህ ቃል በአንድ ደብዳቤ የሚገኘውን ገንዘብ በ19 በመቶ ጨመረ። አንድ ለአንድ መጨመሩና አንድ ለሦስት መጨመሩ ግን ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ ለጋሹን «ሦስት እጥፍ ካልጨመርክ» ብላችሁ አታስጨንቁት፤ አንድ ለአንድ ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ የሥራ ማስኬጃ ወጪውን እሱ እንዲሸፍን ማድረግ ነው፤ ማጓጓዣውን፣ ኅትመቱን፣ የባንክ ማስተላለፊያውን። ዩሪ ግኒዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት 40,000 ሰዎች በዕጣ በአራት ተከፈሉ። ተራ ጥያቄ የደረሰው ቡድን 8,040 ዶላር ሰጠ። መነሻ ገንዘብ እንዳለ የተነገረው 13,220፣ «የምትሰጡትን ያህል ይጨመራል» የተባለው 12,210 ሰጠ። «የአስተዳደር ወጪው በሌላ ለጋሽ ስለተሸፈነ የእናንተ ገንዘብ በሙሉ ለዓላማው ይውላል» የተባለው ግን 23,120 ዶላር ሰጠ።

በእኔ እምነት ለአገራችን ከሁሉ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብሩ የት ይገባል?» ብሎ ነውና። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ራሱ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የእናንተ ቡድን ያልተመዘገበ ቢሆንም ወጪውን ከመዋጮው ለይታችሁ ብትይዙት ለማስረዳት ይቀላችኋል። የባንክ ሂሳቡን በአንድ ሰው ስም አትክፈቱ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ሳይፈርም የማይወጣ ይሁን። ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

3. በአፍ ጠይቁ፤ መውጫ በሩን ግን ክፍት ተዉት

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። ጄምስ አንድሪዮኒና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተን አካባቢ በአንድ ሱፐርማርኬት በሮች ላይ ሳልቬሽን አርሚ ለተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችን አቆሙ። አንዳንዴ ደወል እያቃጨሉ ዝም አሉ፤ አንዳንዴ አላፊውን ዓይን ዓይኑን እያዩ «እባክዎ ዛሬ ይስጡ» አሉ። በቃል ሲጠየቅ የሰጪዎች ቁጥር በ55 በመቶ፣ ገንዘቡም በ69 በመቶ ጨመረ። ይኸው ጥያቄ ግን ሌላም ነገር አደረገ፤ ከሰዉ ሲሶው ገደማ ጠያቂው ወደሌለበት በር ዞሮ ሄደ።

ሁለቱም ውጤት እውነት ነው። መጠየቅ ይሠራል፤ ያሸሻልም። ስቴፋኖ ዴላቪኛ፣ ጆን ሊስትና ኡልሪኬ ማልመንዲየር በቺካጎ ዳርቻ ከተሞች ያደረጉት የበር ለበር ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው፣ ጠለቅ ብሎ ገብቷል። «ነገ በዚህ ሰዓት ለእርዳታ እንመጣለን» የሚል ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ በር የሚከፍተው ሰው ከ9 እስከ 25 በመቶ ቀነሰ። ወረቀቱ ላይ «አትምጡብኝ» ብሎ ምልክት ማድረጊያ ሲጨመር ልገሳው ከ28 እስከ 42 በመቶ ወረደ። የቀነሰውም በብዛት ከ10 ዶላር በታች የሆነው ነው። እነዚያ ትንንሽ ስጦታዎች ብዙዎቹ ከይሉኝታ የመጡ እንደነበሩ ያሳያል።

ይሉኝታን እናውቃለን፤ ገንዘብ እንደሚያመጣም እናውቃለን። ጥያቄው ለአንድ ምሽት ነው ወይስ ለዓመታት ነው የምትሰበስቡት የሚለው ነው። በይሉኝታ የሰጠ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስልካችሁን አያነሳም፤ ዝግጅታችሁ ላይም አይገኝም። አዳራሽ ውስጥ በማይክሮፎን ስሙ የተጠራና ሳያስበው ቃል የገባ ሰው የገባውን ቃል ሳይከፍል ይቀርና ከዚያ በኋላ ከእናንተ ጋር መተያየት ያፍራል። በአንድ ምሽት ገንዘቡም ወዳጁም ይታጣሉ።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ ይደረጋል። በመጀመሪያ የስም ዝርዝሩን አውጡና ለእያንዳንዱ ስም «ከእኛ ውስጥ ለእሱ ማን ይቀርበዋል?» ብላችሁ ተከፋፈሉት። ጆናታን ሚር በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ላይ እንዳጠናው፣ ሰው የበለጠ የሚሰጠው የጠየቀው ድሮ አንድ መኝታ ክፍል አብሮት የኖረ ጓደኛው ሲሆን ነው። ግሩፑ ላይ የተለጠፈ መልእክት ለሁሉም ስለሆነ ለማንም አይደለም። አንድ ሰው ከ10 ወይም ከ15 ስም በላይ አይያዝ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሩጫ ይሆናል።

ቀጥሎ ጊዜ ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የጆን ዳርሊና የዳንኤል ባትሰን ሙከራ ለማስታወስ ይበቃል። የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ በመንገዳቸው ላይ የታመመ የሚመስል ሰው ተጎንብሶ ይጠብቃቸዋል። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ሊናገሩ የሚሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶ ቆመው ረዱ፤ በጣም ከቸኮሉት ግን 10 በመቶ ብቻ። የሚሰብኩት ርዕስ ያመጣው ልዩነት ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ ልዩነቱን ያመጣው ጥድፊያው ነው። እንግዲያው ሰውን በሥራ ሰዓት፣ ታክሲ ሲጠብቅ፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ አትያዙት። ደመወዝ በወጣ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ማታ ደውሉ። ውጭ ላለ ሰው የእሱን ሰዓት አስሉ።

ከመደወላችሁ በፊት አጭር መልእክት ላኩ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስለ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ላማክርዎ ፈልጌ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ብደውልልዎ ይመችዎታል? ካልተመቸዎት በፍጹም ቅር አይለኝም።»

በስልኩም ላይ እንዲሁ ነው፤ ችግሩን በአንድ ትንፋሽ፣ እስካሁን የተገኘውን፣ ከዚያ ጥያቄውን በግልጽ። «ምን ይመስልዎታል?» ብላችሁ አትሸሹ። «1,000 ብር ቢያግዙን የሁለት ልጆች መጽሐፍ ይሸፈናል። መስጠትም አለመስጠትም የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ወዳጅነታችን እንዳለ ነው» በሉ። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትሕትና ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 42 ሙከራዎችን የደመረ ትንተና እንዳሳየው፣ «ነፃ ነዎት» ብሎ መጠየቅ እሺ የሚለውን ሰው ቁጥር ይጨምራል። ከዚያ ዝም በሉ፤ ሰውየው ያስብ። «አልችልም» ካለ አመስግኑና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው ጠይቃችሁ ጨርሱ። ሁለተኛ አትለምኑ።

4. ስንት ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

«የቻሉትን» ማለት ጠያቂውን ያቀለዋል፤ ሰጪውን ግን ያስቸግረዋል፤ ብዙ ነው ትንሽ ነው እያለ ሲያሰላስል ይተወዋል። ሆኖም ትልቅ ቁጥር ብቻ ስታነሱ አቅም የሌለው ያፍርና ይርቃል። ለዚህ ሁለት ጥናት አንድ ላይ አስቡ። ሮበርት ቻልዲኒና ዴቪድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1976 በር ለበር ሲያስጠይቁ «አንድ ሳንቲም እንኳ ይረዳል» የምትለው ሐረግ ስትጨመር የሰጪው ድርሻ ከ29 በመቶ ገደማ ወደ 50 በመቶ አደገ፤ ሰዎቹ የሚሰጡት መጠን ግን አልወረደም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ብሂላችን በቁጥር ሲመሰከር ማለት ነው። ጄን ሻንግና ራቸል ክሮሰን ደግሞ ለአንድ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ በስልክ ለሚለግሱ ሰዎች «ሌላ አባል 300 ዶላር ሰጥቷል» ሲባል ልገሳው በ12 በመቶ ገደማ መጨመሩን አይተዋል።

አንድ ላይ ስናደርጋቸው፦ «ከጓደኞቻችን አንዱ 5,000 ብር ሰጥቷል፤ 100 ብርም የአንድ ልጅ ደብተር ትሆናለች።» የመጀመሪያው ቁጥር እውነተኛ ሰው የሰጠው መሆን አለበት። ለጡረተኛና ለተማሪ አታንሱት፤ ያሸማቅቃል።

በየወሩ የሚሰጡ አባላት ካሏችሁና መጠኑን ከፍ እንዲያደርጉ ከፈለጋችሁ «ከዚህ ወር ጀምሮ» አትበሉ። አና ብሬማን በስዊድን ዲያኮኒያ የተባለ የእርዳታ ድርጅት ወርኃዊ ለጋሾች ላይ ባደረገችው ሙከራ፣ ጭማሪው ከሁለት ወር በኋላ እንዲጀምር የተጠየቁት ወዲያው እንዲጀምሩ ከተጠየቁት በ32 በመቶ የበለጠ ጨምረዋል። «ከመስከረም ጀምሮ» ማለት ለእኛ ይመቻል።

5. የሰጪው ስም

በየድግሱና በየምረቃው ስምና መጠን ማንበብ ልማዳችን ነው። ስም ሰውን እንደሚያነሳሳ ጥናቱም አይክድም። ዳን አሪዬሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ ሰው የሚለግሰውን ሌላው ሲያየው ለበጎ ሥራ የበለጠ ይተጋል። በሌላ በኩል ወንጌል «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ይላል፤ ቁርኣንም ምጽዋትን መግለጥ መልካም መሆኑን፣ ሰውሮ ለድሆች መስጠት ግን የበለጠ መሆኑን በሱረቱል በቀራህ ይናገራል። በድብቅ መስጠት የሚሻው ሰው ብዙ ነው፤ ሳይጠየቅ ስሙ ሲነበብ ይቀየማል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ጠይቁ፦ በስም፣ በስም ያለ መጠን፣ ወይስ ያለ ስም? ሦስቱንም በመዝገባችሁ ላይ አስቀምጡ። ያልሰጡትን ወይም ቃል ገብተው ያልከፈሉትን ስም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን በምንም ሁኔታ አይደረግ።

6. በጎ ፈቃደኞቹን ለምን እንደመጡ ጠይቋቸው

ጊዜ መስጠት ከገንዘብ ይለያል፤ ሰውየው ራሱ ይመጣል፤ ስለዚህ የመጣበት ምክንያት በየሳምንቱ ይፈተናል። ጊል ክላሪ፣ ማርክ ስናይደርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ስድስት ምክንያቶችን ዘርዝረዋል። አንዱ ስለሚያምንበት ይመጣል። አንዱ ለመማር፣ አንዱ ጓደኞቹ ስላሉበት፣ አንዱ ለሥራ ዕድል ልምድ ለማግኘት፣ አንዱ ከራሱ ሐዘንና ጭንቀት ለማረፍ፣ ሌላው ለራሱ ያለው ግምት ከፍ እንዲል። «ለራሱ ጥቅም የመጣ አይቆይም» ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አለን ኦሞቶና ማርክ ስናይደር የኤድስ ሕሙማንን በሚረዱ በጎ ፈቃደኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት ረጅም ጊዜ የቆዩት ለመማርና ራሳቸውን ለማሳደግ የመጡት መሆናቸውን አግኝቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እያንዳንዱን ለብቻ «ከዚህ ሥራ ለራስህ ምን ብታገኝ ደስ ይልሃል?» በሉት፤ መልሱን ጻፉ፤ ሥራውንም በዚያው መልክ ስጡ። አስተማሪ መሆን የምታስብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክፍል ይሰጣት። ጡረታ ወጥተው ቤት የከበዳቸው አባት ብቻቸውን መጽሐፍ እንዲመዘግቡ አይደረግ፤ ልጆች መካከል ይቀመጡ። የሥራ ማስረጃ የሚፈልገው ወጣት ደብዳቤው መቼ እንደሚሰጠው ከጅምሩ ይወቅ።

አሁን ወደ አበል ልግባ፤ በጣም የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ሙከራ እስራኤል ውስጥ ለእርዳታ በር ለበር ገንዘብ በሚሰበስቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ወጡ። ምንም ክፍያ ያልተባሉት በአማካይ 239 ሼቄል ገደማ ሰበሰቡ። ከሰበሰቡት 1 በመቶ ያህል ከሌላ ምንጭ እንደሚከፈላቸው የተነገራቸው 154፣ 10 በመቶ የተባሉት 219። ትንሿ ክፍያ ከሁሉ የከፋች ሆነች። ስዊድን ውስጥም ካርል ሜልስትሮምና ማግነስ ዮሐንሶን ደም ለመስጠት 50 ክሮና ክፍያ ሲቀርብ ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑት ሴቶች ቁጥር በግማሽ ገደማ መቀነሱን አይተዋል፤ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ማሳለፍ ሲፈቀድላቸው ቁጥሩ ተመለሰ።

እኛ ጋ ስልጠናውም ስብሰባውም በአበል መመዘን ከጀመረ ቆይቷል። ለበጎ ፈቃድ ሥራ 100 ብር «አበል» ስትሰጡ ሥራውን የ100 ብር ሥራ አደረጋችሁት። ይህ ማለት ግን ሰው ከኪሱ እየከፈለ ያገልግል ማለት አይደለም፤ ለትራንስፖርት ያወጣውን በሙሉ መልሱለት፤ ይህ ዕዳ መክፈል ነው። ምሳና ቡና አዘጋጁ። ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላውንና እንጀራውን የሚያቀርበው እንደ ደመወዝ አይደለም፤ የመጣውም እንደዚያ አይቆጥረውም። ቋሚና ከባድ ሥራ ካለ ግን፣ ለምሳሌ በየቀኑ ቤተ መጻሕፍቱን የሚከፍት ሰው፣ በጎ ፈቃደኛ አትፈልጉ፤ በአግባቡ ደመወዝ ክፈሉ።

ወራት ሲያልፉ ሙቀቱ ይበርዳል። ያን ጊዜ አዳም ግራንት እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት ይጠቅማል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለነፃ ትምህርት ዕድል በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች ዕድሉን ካገኘ አንድ ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ተገናኙ። ከወር በኋላ በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜ በ142 በመቶ፣ የሚያሰባስቡት ገንዘብ በ171 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። እናንተም በየሁለት ወሩ አንድ ተማሪ መጥቶ ምን እንደተለወጠለት ይናገር። ንግግር አትጻፉለት።

7. ካመሰገናችሁ በኋላ ሥራውን አሳዩ

ምስጋና ባህላችን ነው፤ አይቀርም። ገንዘብ ያመጣል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። አኒያ ሳሜክና ቻክ ሎንግፊልድ በአሜሪካ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ለጋሾች ላይ ለስድስት ዓመት ባደረጉት ሙከራ የምስጋና ስልክ የተደወለለትና ያልተደወለለት በቀጣዩ ዓመት እኩል ሰጥተዋል። የሚሻለው ብሩ ምን እንደሆነ ማሳየት ነው። ላራ አክኒንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ 10 ዶላር አንድ የወባ አጎበር እንደሚገዛ የተነገራቸው ሰዎች በሰጡ መጠን ደስታቸው ጨመረ። ለአጠቃላይ የሕፃናት ድጋፍ የሰጡት ላይ ይህ አልታየም።

ከመዋጮው አንድ ወር በኋላ ባለ አንድ ገጽ ሪፖርት ላኩ፦ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ የተገዛው መጽሐፍ ብዛት፣ የደረሰኝ ፎቶ፣ የሞላው መደርደሪያ። ወንበሩ ዘግይቶ ከሆነ ለምን እንደዘገየና መቼ እንደሚደርስ ንገሩ። 100 ብር ለሰጠውም 50,000 ለሰጠውም ሪፖርቱ አንድ ዓይነት ይሁን።

8. የራሳችሁን ሙከራ ሥሩ

ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። እድር ውስጥ ያደገ፣ አስራት የሚያወጣ ወይም ዘካ የሚከፍል፣ በየወሩ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው ላይ ሁሉም እንደዚያው ይሠራል ብዬ አልምልም። መፈተን ግን ከባድ አይደለም። 200 ስም ካላችሁ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ወርውሩ፤ አንበሳ የወጣለት አንደኛውን መልእክት፣ ሌላው ሁለተኛውን ያግኝ። በመልእክቶቹ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ለምሳሌ በአንዱ «የማጓጓዣውና የኅትመቱ ወጪ ተሸፍኗል» የሚል ይጨመር፣ በሌላው አይጨመር። ማን የትኛውን እንደሚያገኝ በምርጫ አትወስኑ፤ ሀብታሞቹን ወደ አንዱ ትመድባላችሁና ውጤቱ ይበላሻል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጠሩ፦ ከየመቶው ስንት ሰው ሰጠ፣ በጠቅላላው ስንት ብር፣ ስንቱ ከግሩፑ ወጣ ወይም ስልክ ማንሳት አቆመ። ይህን ሦስተኛውን አትርሱት። በአንዱ 12፣ በሌላው 15 ሰው ከሰጠ ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ምንም አትደምድሙ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ድገሙት። በአንዱ 12፣ በሌላው 30 ከሆነ ግን ሁለተኛውን መልእክት ያዙ። መልእክቶቹን እንዳሉ፣ ቀኑን፣ የሰጪውን ቁጥርና መጠኑን በአንድ ደብተር ጻፉና ለቀጣዩ ኮሚቴ ከባንክ ደብተሩ ጋር አብራችሁ አስረክቡ።